ሁለት ቅርጽ፣ ሁለት ክር፦ ካፖ ለማያወጣሽ ኪይ የጊታር ተንቀሳቃሽ ኮርዶች

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ ጊታር ከጀመርኩ ከግማሽ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ክፍት ኮርዶቹን፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነርና ኤ ማይነርን፣ ሳላይ እይዛለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ስንለማመድ ግን ዘፋኟ ‹ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጉልኝ› ትላለች፤ ኪቦርዲስቱ ደግሞ ‹ከኢ ፍላት እንሂድ› ይላል፤ እኔ ካፖ፣ ያን ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫነውን ማሰሪያ፣ ይዤ እቆማለሁ። ‹ባሬ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጣት መጫን፣ ተማሪ› ስላሉኝ ኤፍን ሞከርኩ፤ ግማሹ ክር ዝዝ ይላል፣ ግማሹ ጭራሽ አይሰማም፣ አውራ ጣቴ ሥር ያመኛል። ጣቶቼ አጫጭር ናቸው። የኮርድ ሰንጠረዦቹ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ? ከየቱ ልጀምር?»

እህቴ፣ አንዱንም ሰንጠረዥ አትሸምድጂ። እነዚያ በመቶ የሚቆጠሩ የሚመስሉት ኮርዶች አብዛኞቹ የሁለት ቅርጾች የቦታ ለውጥ ናቸው። ሁለቱን ቅርጾች እጅሽ ከለመዳቸው፣ 6ኛውና 5ኛው ክር ላይም የትኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈለው ቦታ) የትኛው ኖታ እንደሆነ ካወቅሽ፣ ዘፋኟ የፈለገችውን ኪይ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሳበትን ኖታ፣ ብትጠራ ትደርሺባታለሽ። ኤፍን ደግሞ ለጊዜው ተዪው። ባሬን በኤፍ ጀምረው ተስፋ የቆረጡ ብዙ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ኤፍ ያለበት አንደኛው ፍሬት ለዚህ ትምህርት ከጊታሩ አንገት ሁሉ የከፋው ቦታ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ በልክ አሳይሻለሁ።

በቅድሚያ በአጻጻፉ እንግባባ። ክሮቹን ከቀጭኑ ጀምሬ ከ1 እስከ 6 እቆጥራለሁ፤ ወፍራሙ 6ኛ ነው። ኢ ስል ሚን፣ ኤ ስል ላን ማለቴ ነው፤ በጽሑፍ ስለሚመሳሰሉ ተጠንቅቀሽ አንብቢያቸው። ኮርድ በቁጥር ስጽፍ ከ6ኛው ክር ጀምሬ ወደ 1ኛው እሄዳለሁ። ቁጥሩ ፍሬቱን ያሳያል፣ 0 ክፍት ክር ነው፣ «ዝም» ያልኩበት ክር ደግሞ መሰማት የለበትም።

አሁን ክፍት ኢን ያዢ፦ 0-2-2-1-0-0። ጣቶችሽን እንዳሉ አንድ ፍሬት ወደ ሣጥኑ አንሸራትቻቸውና ምቺ። ድምፁ ይበላሻል። የተጫኑት ሦስቱ ክሮች ግማሽ ቶን ሲወጡ ክፍቶቹ ሦስቱ ባሉበት ቀርተዋላ! ክፍት ክሮች የሚያርፉት ከጭንቅላቱ ሥር ባለው፣ ነት በሚባለው ዘንግ ላይ ነው፤ ነት ደግሞ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ከቅርጹ ጋር አብሮ የሚሄድ ነት ያስፈልግሻል። እሱም ሌባ ጣትሽ ነው። ባሬ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ካፖም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ ግን ዘፈን መሐል አይንቀሳቀስልሽም፣ ኪይውንም ከፍ እንጂ ዝቅ አያደርግም። ዘፈኑ ከሲ ሆኖ «ግማሽ ቶን ዝቅ» ስትባዪ የምትሄጂው ወደ ቢ ነው። 2ኛው ፍሬት ላይ ካፖ አስረሽ በኤ ኮርዶች ብትጫወቺ ቢን ታገኛለሽ፤ ነገር ግን የዘፈኑን ኮርዶች በሙሉ በጭንቅላትሽ ልትቀይሪ ነው፣ እሱም በልምምድ መሐል ሰው እያየሽ። በተንቀሳቃሽ ቅርጽ ከሆነ እጅሽን ባለበት አንድ ፍሬት ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቅርጽ የኢ ቅርጽ ነው። ክፍት ኢን እንደገና ያዢ፤ ግን በዚህ ጊዜ በሌባ፣ በመሐልና በቀለበት ጣት አይደለም። ሌባ ጣትሽን ነጻ ተዪና 3ኛውን ክር በመሐል ጣት፣ 5ኛውን በቀለበት ጣት፣ 4ኛውን በትንሿ ጣት ያዢ። መጀመሪያ ላይ ግር ይልሻል፤ ሁለት ሦስት ቀን ከዚህ ሌላ ነገር አትሞክሪ። ሲለመድ ሦስቱን ጣቶች እንዳሉ ወደ 7ኛውና 6ኛው ፍሬት ውሰጂና ሌባ ጣትሽን 5ኛው ፍሬት ላይ አጋድሚው፦ 5-7-7-6-5-5። ይህ ኤ ሜጀር ነው። ኤ የሆነበት ምክንያት 6ኛው ክር 5ኛው ፍሬት ላይ ያለው ኖታ ኤ ስለሆነ ነው። ሙዚቀኞች ሩት የሚሉት ይህ ኖታ የኮርዱን ስም ይሰጣል። ቅርጹን ወደ 3ኛው ፍሬት ብታወርጂው ጂ፣ ወደ 8ኛው ብታወጪው ሲ ይሆናል፤ ጣቶችሽ ምንም አልተለወጡም።

እንግዲህ መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው። 6ኛው ክር ላይ ክፍቱ ኢ፣ 1ኛው ፍሬት ኤፍ፣ 3ኛው ጂ፣ 5ኛው ኤ፣ 7ኛው ቢ፣ 8ኛው ሲ፣ 10ኛው ዲ፣ 12ኛው ተመልሶ ኢ ነው። 5ኛው ክር ላይ ክፍቱ ኤ፣ 2ኛው ቢ፣ 3ኛው ሲ፣ 5ኛው ዲ፣ 7ኛው ኢ፣ 8ኛው ኤፍ፣ 10ኛው ጂ፣ 12ኛው ኤ። ከኢ ወደ ኤፍና ከቢ ወደ ሲ አንድ ፍሬት ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሁለት ሁለት ነው፤ በመካከል የሚቀረው ፍሬት የሻርፕ (ግማሽ ቶን ከፍ ያለ) እና የፍላት (ግማሽ ቶን ዝቅ ያለ) ኖታ ቦታ ነው። አንገቱ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እዚህ ይጠቅሙሻል። አብዛኛው ጊታር በ3፣ 5፣ 7፣ 9 እና 12 ላይ ምልክት አለው። 6ኛው ክር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነጠብጣቦች ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ 5ኛው ክር ላይ ደግሞ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ናቸው። እነዚህን ስድስቱን ካወቅሽ የቀረውን ከእነሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቆጥረሽ ታገኚዋለሽ። ኮርድ ሳትይዢ፣ በአንድ ጣት ክሩን ብቻ እየጫንሽ ስሙን ድምፅሽን አውጥተሽ ጥሪው። ይህ ልምምድ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ከጣት ጥንካሬ ይልቅ ኪይ የሚያስደርስሽ እሱ ነው። ቅርጹን ይዘው ስሙን የማያውቁ ልጆች ልምምድ ላይ እንዳንቺው ይቆማሉ።

አሁን ደስ የሚለው ነገር። ያንኑ 5-7-7-6-5-5 ይዘሽ መሐል ጣትሽን ብቻ አንሺ፤ 5-7-7-5-5-5 ሆነ፣ ኤ ማይነር ነው። መሐል ጣትሽን መልሰሽ ትንሿን ጣት አንሺ፤ 5-7-5-6-5-5፣ ኤ ሰባት ነው። ሁለቱንም አንሺ፤ 5-7-5-5-5-5፣ ኤ ማይነር ሰባት። ከአንድ የእጅ አቀማመጥ፣ ጣት በማንሳት ብቻ፣ አራት ዓይነት ኮርድ ወጣ። በ12ቱ ኖታዎች ስታባዢው 48 ኮርድ ነው። ሰንጠረዥ አትሸምድጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የኤ ቅርጽ ነው፤ ሩቱ 5ኛው ክር ላይ ነው። ክፍት ኤ፣ ማለትም ዝም-0-2-2-2-0፣ ወደ 3ኛው ፍሬት ሲሄድ ዝም-3-5-5-5-3 ይሆናል፤ ስሙ ሲ። እዚህ ላይ ሦስቱን ክሮች በሦስት ጣት መያዝ ለብዙ እጅ ይጠባል። እኔ የማስተምረው 4ኛውን፣ 3ኛውንና 2ኛውን ክር በቀለበት ጣት ብቻ አጋድሞ መያዝን ነው። እንዲህ ሲያዝ 1ኛው ክር ብዙ ጊዜ ይታፈናል። ይታፈን፤ ኮርዱ ምንም አይጎድልበትም፣ ምክንያቱም ያ ክር የሚሰጠው ጂ 4ኛው ክር ላይም አለ። 6ኛው ክር እንዳይጮህ የሌባ ጣትሽ ጫፍ በስሱ ይንካው። ማይነሩ ዝም-3-5-5-4-3 ነው፤ እሱ ከሜጀሩ ይልቅ ይቀላል፣ አያያዙም የኢ ቅርጽ አንድ ክር ወደ ታች የወረደ ነው። ከዚያ ላይ ትንሿን ጣት ብታነሺ ዝም-3-5-3-4-3፣ ሲ ማይነር ሰባት ይሆናል። የሲ፣ የጂና የዲ ቅርጾችም ተንቀሳቃሽ መሆን ይችላሉ፤ አሁን ግን አያስፈልጉሽም።

ወደ ኤፍ ልመለስ። በብዙ የብረት ክር ጊታሮች ላይ ከነት እስከ ብሪጅ (ክሮቹ ሣጥኑ ላይ እስከሚያርፉበት) ያለው የክር ርዝመት 648 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ፍሬቶቹ ወደ ሣጥኑ በቀረቡ ቁጥር እያንዳንዱ ከቀደመው በ5.6 በመቶ ገደማ ይጠባል። ኤፍን ስትይዢ ሌባ ጣትሽ ካለበት 1ኛ ፍሬት እስከ 3ኛው ድረስ 67 ሚሊሜትር ገደማ ትዘረጊያለሽ። ያንኑ ቅርጽ በ5ኛው ፍሬት ስትይዢ ከ5ኛው እስከ 7ኛው 53 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለአጭር ጣት ይህ ልዩነት ብዙ ነው። ሌላው ምክንያት ነቱ ነው፦ ክሩ ነቱ ላይ ስለተወጠረ ወዲያው አጠገቡ ስትጫኚው ይከብዳል፤ ራቅ ስትዪ ይለሰልሳል። ስለዚህ በ5ኛው ጀምሪ፤ ድምፁ ሲጠራ ወደ 4ኛው፣ ከዚያ ወደ 3ኛው ውረጂ። ኤፍ በመጨረሻ ይመጣል፤ ሲመጣም ያን ያህል አያስፈራም።

አያያዙ ላይ ሰዎች ሁሉ የሚሳሳቱት ሌባ ጣት ስድስቱንም ክር እኩል መጫን ያለበት ስለሚመስላቸው ነው። በኢ ቅርጽ ሜጀር 5ኛውን፣ 4ኛውንና 3ኛውን ክር ሌሎቹ ጣቶች ይዘውልሻል። ሌባ ጣት በትክክል መጫን ያለበት 6ኛውን፣ 2ኛውንና 1ኛውን ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ጉልበት አታባክኚ። ማይነሩ ላይ 3ኛው ክር ይጨመራል፤ ሜጀሩ ጠርቶልሽ ማይነሩ የሚታፈነው ለዚህ ነው። በኤ ቅርጽ ደግሞ የሌባ ጣት ሥራ 5ኛው ክርና፣ ከፈለግሽው፣ 1ኛው ብቻ ነው።

እንዲህ ፈትሺው። ኮርዱን ያዢና ክሮቹን ከ6ኛው ጀምረሽ አንድ በአንድ ምቺ። ዝዝ የሚለው 1ኛው ወይም 2ኛው ክር ከሆነ፣ ከመጭመቅሽ በፊት ሌባ ጣትሽን ተመልከቺ። የጣት መታጠፊያ ሥር ያለው ጉድጓድ ክሩ ላይ ካረፈ የፈለግሽውን ያህል ብትጫኚ አይጠራም፤ ጣትሽን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳቢው፣ ክሩ ሥጋ ላይ ሳይሆን ጠንከር ያለ ቦታ ላይ ይረፍ። ከዚያ ጣትሽን በመዳፉ በኩል ሙሉ በሙሉ አታስተኚው፤ ወደ ነቱ፣ ወደ ጎኑ ትንሽ አዘንብዪው፣ አጥንቱ የሚቀርበው በዚያ በኩል ነው። ጣቱ የፍሬቱን ብረት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ይጠጋ፤ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር የሚጠይቅሽ ጉልበት ይጨምራል። 4ኛው ክር ከታፈነ ደግሞ ጥፋቱ የሌባ ጣት አይደለም፤ የያዘችው ትንሿ ጣትሽ በደንብ አልጫነችውም፣ ጫፏ ላይ አቁሚያት።

አውራ ጣትሽ ሥር ያመመሽ ጊታሩን በሁለት ጣት ስለምትቆነጥጪው ነው። ጉልበቱ ከክንድ ይምጣ። ጊታሩን በቀኝ ክንድሽ ሣጥኑ ላይ ወደ ሰውነትሽ ደግፊውና የግራ ክርንሽን በእርጋታ ወደ ኋላ ሳቢ፤ የክንድሽ ክብደት ራሱ ጣቱን ይጭነዋል። አንዴ አውራ ጣትሽን ጨርሰሽ ከአንገቱ ላይ አንስተሽ በዚህ መንገድ ብቻ ሞክሪው፤ ክሮቹ ሲሰሙ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባሻል። ጡንቻ መድከሙ የሚጠበቅ ነው፣ አረፍ ብለሽ ቀጥዪ። የእጅ አንጓሽ ላይ የሚወጋ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከመጣ ግን የዚያን ቀን ጊታሩን አስቀምጪው፤ በሕመም ላይ መልመድ የሚባል ነገር የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ጊታርሽን ራሱን መርምሪው። ርካሽ ጊታሮች ብዙ ጊዜ ነታቸው በቅጡ ሳይሞረድ ይወጣሉ፤ ክሮቹ ከፍ ብለው ስለሚቀመጡ ኤፍን ማንም ሰው ቢይዘው ይከብደዋል። መፈተሻው ቀላል ነው። ካፖሽን 1ኛው ፍሬት ላይ እሰሪና የኤፍን ቅርጽ በ2ኛው ፍሬት ያዢ። በግልጽ ከቀለለሽ ችግሩ ነቱ ላይ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ አንዱን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ጫኚውና 1ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዪ። ስስ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ከሆነ ደህና ነው፤ በጣም ከሰፋ ነቱ መሞረድ አለበት። ይህን ለሚያውቅ ሰው ስጪው፣ አንዴ ከመጠን በላይ የወረደ ነት መልሶ አይወጣም። ክሮቹ ደግሞ የቀጭኑ ቁጥር 12 ከሆነ ወደ 11 ወይም ወደ 10 ለውጪ። ድምፁ ትንሽ ይሳሳል፤ እጅሽ እስኪጠነክር ግን ይህ ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይደለም።

ስለ ጣቶችሽ እጥረት አትጨነቂ። የጃዝ ጊታሪስቱ ዣንጎ ሬይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1928 በደረሰበት የእሳት አደጋ የግራ እጁ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ተጎድተው በነጻነት አይታዘዙትም ነበር፤ ሶሎዎቹን የሚጫወተው በሁለቱ ደኅና ጣቶች ነው፣ ኮርዶቹንም እጁ ወደሚችላቸው ትንንሽ ቅርጾች አመጣቸው። አንቺም ስድስት ክር የመያዝ ግዴታ የለብሽም። ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ካለ 6ኛው ክር ላይ የምትመቺውን ሩት እሱ ይዞታል፤ ሁለታችሁም ስትይዙት ታች ያለው ድምፅ ይደበላለቃል። ጊታሪስቱ ፍሬዲ ግሪን ከእ.ኤ.አ. 1937 እስከ 1987 የካውንት ቤሲን የጃዝ ኦርኬስትራ ሪትም የያዘው በሁለትና በሦስት ኖታ ኮርዶች ነው።

ስለዚህ ከኢ ቅርጽ ላይ ቀጫጭኖቹን ሦስት ክሮች ብቻ ውሰጂ። ኤ ሜጀር በ5ኛው ፍሬት፦ ዝም-ዝም-ዝም-6-5-5። ሌባ ጣት ሁለት ክር፣ መሐል ጣት አንድ ክር፣ አለቀ። ማይነሩ ዝም-ዝም-ዝም-5-5-5፣ አንድ ጣት ነው። ከኤ ቅርጽ ደግሞ መሐለኞቹን ሦስቱን፦ ሲ ሜጀር ዝም-ዝም-5-5-5-ዝም፣ ሲ ማይነር ዝም-ዝም-5-5-4-ዝም። ሩቱን ባትመቺውም የት እንዳለ በዓይንሽ እዪው፤ ስሙን የምታገኚው ከእሱ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን በሚቀጥለው ልምምድ ላይ የምሄደው በእነዚህ ትንንሾቹ ነው፤ ሙሉውን ባሬ ቤቴ ቀስ ብዬ እያሳደግሁ። ለብዙ ዘፈን ትንሹ ይበልጥ ያምራል፣ ዘፋኟንም አይጫናትም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ኪይ መቀየር። ኪይውን 5ኛው ክር ላይ ፈልጊውና በኤ ቅርጽ ያዢ። ቅድም ከሲ ተነስተናል፤ 3ኛው ፍሬት ነው። እዚያው ፍሬት ላይ፣ አንድ ክር ወደ ላይ፣ 6ኛው ክር ላይ ጂ አለ፦ የኢ ቅርጽ። ከጂ ሁለት ፍሬት ወደ ኋላ ኤፍ፣ የኢ ቅርጽ። ከጂ ሁለት ፍሬት ወደ ፊት ኤ ማይነር፣ የኢ ቅርጽ ማይነሩ። ከሲው ራሱ ሁለት ፍሬት ወደ ፊት፣ 5ኛው ክር ላይ፣ ዲ ማይነር። ብዙ ዘፈን ከእነዚህ አምስት ኮርዶች አይወጣም፤ አምስቱም በአምስት ፍሬት ውስጥ ተቀምጠዋል። የሰፈሩ አቀማመጥ በየትኛውም ኪይ አይለወጥም። ኪቦርዲስቱ «ኢ ፍላት» ሲል መነሻሽን 5ኛው ክር 6ኛው ፍሬት ላይ ታደርጊዋለሽ። ከላዩ 6ኛው ፍሬት ቢ ፍላት፣ ወደ ኋላ 4ኛው ኤ ፍላት፣ ወደ ፊት 8ኛው ሲ ማይነር። ዘፋኟ ከሲ ግማሽ ቶን ዝቅ ስትል መነሻው 2ኛው ፍሬት፣ ቢ ይሆናል። ኤፍ ሻርፕ ከላዩ ነው፣ ጂ ሻርፕ ማይነር 4ኛው ላይ፣ ሁለት ወደ ኋላ ያለው ኮርድ ደግሞ 0 ላይ ስለሚወድቅ የምታውቂው ክፍት ኢ ነው።

ኪይው 6ኛው ክር ላይ ቢመችሽ፣ ለምሳሌ ጂ በ3ኛው ፍሬት፣ ሰፈሩ ይገለበጣል፦ ሲ እዚያው ፍሬት 5ኛው ክር ላይ፣ ዲ ሁለት ፍሬት ወደ ፊት፣ ኢ ማይነር ሌላ ሁለት ፍሬት ወደ ፊት። ሁለቱን ሰፈሮች አፈራርቀሽ ተለማመጃቸው።

ኢ ፍላትና ቢ ፍላት ዝም ብለው የመጡ እንዳይመስልሽ። ትራምፔትና ቴነር ሳክስፎን የሚሠሩት በቢ ፍላት፣ አልቶ ሳክስፎን በኢ ፍላት ነው፤ ስለዚህ ትንፋሽ መሣሪያ ያለበት ባንድ ፍላት ኪይ ይቀናዋል። እንደ ክቡር ዘበኛና ፖሊስ ሠራዊት ባሉ ኦርኬስትራዎች፣ በኋላም በየባንዱ፣ ጊታሪስቱ ከትንፋሾቹ ጎን ነበር የሚቆመው። በክፍት ኮርድ ብቻ እዚያ መቆም አይቻልም።

የኛን ቅኝት ስትጫወቺ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አይነግርሽም። ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ኖታ ናቸው። ከላይ ካሳየሁሽ አምስት ኮርዶች አንዳንዶቹ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ኖታ ይዘው ይገባሉ፣ ጠረኑንም ያጠፉታል። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ሙሉ ለሙሉ ከውስጡ ይወጣሉ። ጂ ሜጀር ግን ቢን ያመጣል፣ ኤፍ ሜጀር ኤፍን ያመጣል። የተቀረጹ ሥራዎች ውስጥ እነዚህ ኮርዶች ይገባሉ፣ ክልክል አይደለም፤ እኔ ግን ድምፃዊቷ ቃሏን በምታሽበት ቦታ ላይ ጂን ያለ ቢ እንድትይዢው እመክርሻለሁ፦ 3-5-5-ዝም-ዝም-ዝም። ፓወር ኮርድ የሚሉት ነው፣ ጂና ዲ ብቻ አሉበት፣ ሁለቱም የትዝታ ናቸው። ትዝታ ማይነር ከሲ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሲ ማይነር በ3ኛው ፍሬት፣ ኤ ፍላት በ4ኛው በኢ ቅርጽ፣ ከዚያ ያው የጂ ፓወር ኮርድ። ሦስቱም እጅሽ ሥር ናቸው። ባቲ ማይነር ከሆነ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው፤ ትንሿን ጣት አንስተሽ ያገኘሽው ሲ ማይነር ሰባት አራቱንም ኖታ ከባቲ ይወስዳል። አምባሰል ላይ ግን ቆም በዪ። ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ኢም ኢ ፍላትም የለውም፤ ስለዚህ መነሻው ላይ ሲ ሜጀር ብትመቺም ሲ ማይነር ብትመቺም ቅኝቱ ይሰበራል። እዚያ ላይ ፓወር ኮርድ ያዢ፣ ዲ ፍላት ሜጀርና ኤፍ ማይነር ግን ከውስጡ ስለሚወጡ በነጻነት ተጠቀሚባቸው።

ተንቀሳቃሽ ቅርጽ ለሪትምም ይጠቅማል። ክፍት ኮርድ አንዴ ከተመታ ለማፈን ቀኝ እጅ መሥራት አለበት። ባሬ ላይ ግን የግራ እጅሽን ጫና ብቻ ላላ ስታደርጊ፣ ጣቶችሽ ከክሩ ሳይነሱ፣ ድምፁ ጭጭ ይላል። በችክችካ ምት ላይ ይህ ሁሉ ነገር ነው። 6 ምት ቆጥረሽ ሁሉንም በቀኝ እጅሽ ምቺ፤ በግራሽ ግን በሁለቱ ላይ ብቻ ጫኚ፣ በቀሩት ላላ አድርጊ። እጅሽም በየመሐሉ ስለሚያርፍ ባሬው ሳያደክምሽ ረዘም ላለ ጊዜ ትጫወቻለሽ።

ለልምምድ ረጅም ሰዓት አያስፈልግሽም። በየቀኑ አጠር አድርገሽ፣ ድካም ሲጀምር አቁመሽ፣ ከሳምንት አንድ ቀን ብዙ ከመሥራት የተሻለ ነው። የምታውቂውን አንድ ዘፈን ምረጪ፣ አራት ኮርድ ያለው ይሁን። በትንንሾቹ ቅርጾች ከሲ ተጫወቺው፣ ከዚያ ከዲ፣ ከዚያ ከኢ ፍላት፣ ከዚያ ከቢ፤ በየኪይው መነሻውን ከመያዝሽ በፊት የኮርዶቹን ስም ጥሪ። ድምፁ ሲጠራ ሙሉውን ባሬ በአንድ ኮርድ ብቻ አስገቢ፣ ሌሎቹ ትንንሽ ይሁኑ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመተካት አትቸኩዪ፤ ደህና ጠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ቢፈጅ ዘገየሁ አትበዪ።

የፊታችን ልምምድ ላይ ደግሞ ኪቦርዲስቱን አንድ ነገር ጠይቂው። ብዙዎቹ ኪቦርዳቸው ላይ ትራንስፖዝ የሚል ቁልፍ አለ፤ እጃቸው የሲን ቁልፎች እየተጫወተ መሣሪያው ኢ ፍላት ያወጣል። «ከሲ ነው» ሲልሽ ትራንስፖዙ ስንት ላይ እንዳለ እይለት። 3 ከፍ ብሎ ከሆነ ያንቺ መነሻ 5ኛው ክር 3ኛው ፍሬት ሳይሆን 6ኛው ፍሬት ነው። አንድ ኖታ አስመትተሽው ከዚያ ፍሬት ጋር በጆሮሽ አመሳክሪና ጀምሩ።